የሰርፀ የመጨረሻ መልክ

ሠዓሊው ሰርፀ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት፣ ከትልቅ መስታወት ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። እንደሚያደንቀው ሆላንዳዊ ሠዓሊ እንደ ሬምብራንት በየዓመቱ የራሱን መልክ ይሥል ነበር፤ የሞተውም የዘንድሮውን ሲሥል ነው።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ፈትያ ስትደርስ ሬሳው አልተነሳም። ከወንበሩ ጀርባ ያለው በር መስታወቱ ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል። ሟቹ የገባውን ሰው አይቶታል፤ ግን ዞር አላለም። ፈትያ ሥዕሉን በጨርቅ ሸፈነችና የቤቱ ቁልፍ ያላቸውን ሦስት ሰዎች በየተራ አነጋገረች።

እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስትመለስ ያገኘችው ሚስቱ ሐምራዊት ናት። «ሥዕሉን ልብ አላልኩትም» አለች። «እሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

ከእሱ ሥዕል የምትማረው ሚካኤላ አትላንታ ያደገች ጠበቃ ናት፤ አማርኛዋ ውስጥ እንግሊዝኛ ይገባል። «ትናንት ከሥራ በኋላ መጥቼ ነበር። ላይክ፣ ሥዕሉ ላይ ራሱን ብሩሹን በግራ እጁ እንደያዘ ነው የሣለው። አንተ እኮ ግራኝ አይደለህም ስለው ሳቀ። መስታወት ስለሚገለብጥ ነው፣ ነገ ፊክስ አደርገዋለሁ አለኝ።»

መሀል አትላንታ፣ ዳውንታውን ሥዕል የሚሸጠው የሠላሳ ዓመት ጓደኛው አምባቸው ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ከእሁድ ወዲህ አልመጣሁም።»

«ሥዕሉን አይተውታል?»

«እንዴታ። ብሩሹን በቀኙ ጨብጦ ፊት ለፊት ያያል። ግሩም ሥራ ነው።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ፈትያ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰብስባ ጨርቁን ገለጠች። ብሩሹ በቀኝ እጅ ነው። በሌላው በኩል፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር የቀድሞው ግራ እጅ ደብዝዞ ይታያል።

«ሬምብራንትም በአንድ ሥዕሉ መስታወቱ እንዳሳየው በግራ ጀምሮ ኋላ አስተካክሎታል። ይህ የታወቀው በኤክስሬይ ነው» አለች። «ጋሽ ሰርፀ ዛሬ ጠዋት ያንኑ አደረጉ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። እሁድም ትናንትም ግራ ነበር። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ሥዕሉ ተሸፍኗል። ስለዚህ አቶ አምባቸው፣ ቀኙን ያዩት ዛሬ ጠዋት ነው። እንግዳ ሰው ገብቶ ቢሆን ደግሞ ዞር ይሉ ነበር።»

አምባቸው ወደ በሩ አየ።

«ስልካቸው ላይ ለእርስዎ የላኩት መልእክት አለ» ስትል ፈትያ ቀጠለች። «‹የሬምብራንት ነው ብለህ የሸጥከው ንድፍ የእኔ እጅ ሥራ መሆኑን ሰኞ እናገራለሁ› ይላል።»

አምባቸው ግድግዳውን ተደገፈ። ሐምራዊት ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«ሲያይህ ምን አለህ?»

አምባቸው ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ።

«‹እጁን አሁን ገና አገኘሁት፤ ቀረብ ብለህ እየው› አለኝ።»