የተጠቀለሉት ጓንቶች

ውሻዋ ሞታ የተገኘችው በመውለጃ ሣጥኗ ውስጥ፣ ራሷ በቦጫጨቀችው ጋዜጣ ላይ ነው። ውሻ አርቢው በሩን ተደግፎ ያለቅሳል። ሚስቱ ከነልጇ በምጥ ስትሞት ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ አይቶ ታዝቦታል።

«የገደላትን አምጪልኝ» አላት የእንስሳት ሐኪሟን። «ዘበኛው ነው። እሱ ነው አጠገቧ የነበረው። ዛሬውኑ እስር ቤት አስገባዋለሁ።»

ሐኪሟ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ውሻዋን መረመረች። ማህፀኗ ተቀዷል። መውጫው ላይ አንድ ቡችላ በጎኑ ተሰንቅሯል። ታፋዋ ላይ የመርፌ ምልክት አለ፤ ዙሪያው በአልኮል በወጉ ተጠርጓል።

ሽማግሌው ዘበኛ በኮቱ ውስጥ ከሞት የተረፈችውን ብቸኛ ቡችላ አቅፎ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምን አዩ?»

«ይቺን ከወለደች በኋላ ብታምጥ ብታምጥ ምንም አልወጣ አለ። ለጌታው ደወልኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ጠብቅ፣ ይወጣል› አሉኝ። ጨነቀኝና እትዬን ጠራኋቸው። ውሃ አፍላ ብለው ወደ ኩሽና ላኩኝ። ስመለስ ሞታለች።»

እትዬ የሚላት የአርቢው ሟች ሚስት እህት ናት፤ አዋላጅ ነርስ።

«እኔ የማውቀው የሰው ምጥ ነው» አለች፣ ሐኪሟ ቤት ገብታ ስትጠይቃት ቀና ሳትል። «አየኋት እንጂ አልነካኋትም።»

ሐኪሟ አመስግና ወጣች፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ፈተሸች። ከዚያ ሦስቱንም ሣጥኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«የገደላት ምጥ የሚያጠነክር መርፌ ነው» አለች። «መንገዱ ክፍት ከሆነ ይረዳል። ቡችላ ከተሰነቀረ ግን ማህፀን ይቀደዳል። ብዙ አምጣ ምንም ካልወጣ መርፌ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት።»

«አላልኩም? ይሄ ደንቆሮ ሳያውቅ ወጋት!»

«የወጋትማ ያውቃል።» ከቅርጫቱ ያገኘቻቸውን የተጠቀለሉ ጓንቶች አሳየች። «ጣቱ ጫፍ ላይ ውሻ ስታምጥ የሚወጣት አረንጓዴ ፈሳሽ አለ። መጀመሪያ ዳስሷታል፤ ቡችላው መሰንቀሩን አውቆ ነው የወጋት። አወላለቁንም እዩት። አንዱ ጓንት ተገልብጦ ሌላውን ውጦታል። እኔም ስጨርስ እንደዚህ ነው የማወልቀው፤ ትምህርት ቤት ያስለመዱን ነው። አባባ እንደሆኑ ጓንት አጥልቀው አያውቁም። እርስዎ ደግሞ እዚህ አልነበሩም።»

ሁሉም ወደ አዋላጇ ዞሩ። እሷ ግን የምታየው አርቢውን ብቻ ነበር።

«እህቴ ስታምጥ ደወልኩልህ። መኪናው አንተ ጋ ነበር። ‹ጠብቂ፣ ይወጣል› አልከኝ። ጠበቅኩ፤ እጄ ላይ ሞተች። ያን ቀን ያልወጣህ እንባ ዛሬ ወጣ። አንጀቴ ራሰ።»

አርቢው እጁን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው። «ቡችላዋን ስጡኝ» አለ።

«ይጠብቁ» አለችው ሐኪሟ። ወደ አዋላጇም ዞረች። «ይቺ ውሻስ ምን በደለችሽ?»

በዘበኛው ኮት ውስጥ ቡችላዋ ጮኸች። የአዋላጇ እጆች ሳታስበው ተዘረጉ፤ ስንቱን ሕፃን የተቀበሉ እጆች ናቸው። ሐኪሟ በመሃል ገብታ ከቦርሳዋ ያወጣችውን የወተት ጡጦ ለዘበኛው ሰጠችው።