የሳጥኑ በረዶ

የደመላሽ አስከሬን ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ሆስፒታል ሳይወጣ ኢንስፔክተር የኔአለም ተጠራች። ሟቹ የይጁቤ ከተማ መምህር ነበር። ከእህቱ ከሥራነሽ የተወሰደው ኩላሊት አንድም ቀን ሳይሠራ ውስጡ ተበላሽቶ ገደለው። ንቅለ ተከላው ለሆስፒታሉ የመጀመሪያው ስለነበር በዕለቱ ግቢው በእንግዶች ተሞልቶ ነበር። ኢንስፔክተሯም ከተጋባዦቹ አንዷ ነበረች።

«ኩላሊቱ ከእህትየው ሲወጣ ጤነኛ ነበር። ወዲያው ለምን አልተተከለም?» ስትል ነርሷን ሂዊን ጠየቀቻት።

«ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አምደሚካኤል ንግግር እንዲያደርጉ ተጠሩ። ኩላሊቱን ማቆያው ፈሳሽ ካለበት ከረጢት ከትቼ፣ ያለንን በረዶ በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ከመርኩበት። እንደዚያ ሆኖ ሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ሥራነሽ ደም ስለፈሰሳት እሷ ጋ ሄድኩ። ሳጥኑን የከፈቱት ዶክተር ራሳቸው ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ አስማማው ላብ አጥምቋቸዋል።

«እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ? መስተንግዶው ላይ ነበርኩ።»

«በዕለቱ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር አይደል?»

«በከተማው ሁሉ። የእኛ ጄኔሬተር ለቀዶ ጥገና ክፍሉ ብቻ ነው የሚበቃው።»

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አምደሚካኤል ግን ተቆጡ። «ኩላሊቱን ከሳጥኑ ሳወጣው ቅዝቃዜው ጣቴን አደንዝዞኛል! ጥፋት ካለ ነርሷን ይጠይቋት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሥራነሽ አልጋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መብራት በሌለበት ከተማ የቀረበልን ለስላሳ ጥርስ ያጠዘጥዝ ነበር፤» አለች። «ጠርሙሶቹ የተነከሩት በረዶ በሞላበት ሳፋ ነው። በረዶ ደግሞ የነበረው አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። አቶ አስማማው?»

ሰውየው አቀረቀሩ። «ትርፍ መስሎኝ ነው። ከረጢቱን አልነካሁም፤ በረዶውን ብቻ ዛቅሁ።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ በረዶው ፊት ለፊትዎ ሳፋው ውስጥ ነበር። ተመልሰው ሳጥኑን ሲከፍቱ ምን ጣትዎን አደነዘዘው? ኩላሊቱ ሞቆ ነበር፤ በእጅዎ አውቀውታል። ሳይተክሉት ቢተዉት ደመላሽ ወደ ኩላሊት እጥበቱ ተመልሶ በሕይወት ይኖር ነበር። ለምን ሰፉት?»

ሐኪሙ መሬት መሬት እያዩ መለሱ።

«ውጭ ያ ሁሉ ሰው ውጤት ይጠብቃል። አልተሳካም ብዬ መውጣት አፈርኩ።»

የኔአለም ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለስላሳውንም፣ እንዴት ይቀዘቅዛል ብዬ አስደግሜ ጠጥቻለሁ።»

ሥራነሽ ከትራሷ ቀና አለች።

«ዶክተር፣ ስነቃ እጅዎን ስሜ ነበር። ያኔ እንኳ ለምን ዝም አሉኝ?»

አምደሚካኤል ሁለት እጃቸውን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ካቴናው ሲመጣ ግን ማውጣት ግድ ሆነባቸው።