ሬንጅ ብለው የጠሩት አናጺ

አናጺው የሞተው በእንጨት ሥራ ቤቱ መጸዳጃ ደጃፍ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲሚንቶው ላይ ተደፍቷል። አጠገቡ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ትውከት፣ ከትውከቱ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ ቲነር የሚሸት የሻይ ብርጭቆ ቆሟል።

ለፖሊሶቹ ነገሩ ብርጭቆውን ሲያዩ አበቃ። በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ቲነር የሚነካው ቫርኒሽ ቀቢው ብቻ ነው፤ ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅም ተሰምቷል። መርማሪዋ ስትደርስ ቀቢው በካቴና ታስሮ፣ ወደ ጣቢያ የሚወስደው መኪና በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

ተንበርክካ የሟቹን አፍ አሸተተች፤ ቲነር የለም። ከንፈሩና ምላሱ አልተቃጠሉም። የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አደረገች፤ ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከኪሱ ሁለት ነገር አወጣች፦ ሊያልቅ የደረሰ የሕመም ማስታገሻ ክኒንና አንድም ፍሬ ያልጎደለበት አይረን የሚሉት የደም ማነስ ክኒን እሽግ። ቀጥላ መጸዳጃ ቤቱን አይታ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። አስከሬኑን ሊያይ ከመጣው ሐኪም ጋር ጥቂት ቃላት ተንሾካሾከች፤ ሐኪሙም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ቀቢውን።

«በስም ነው፣ እመቤቴ። ሬንጅ እለው ነበር።»

«ለምን?»

«መጸዳጃ ቤቱ የሁላችንም ነው። ከሱ ቀጥሎ የገባ ሰው መንገድ የሚያነጥፉ መጥተው የሄዱ ይመስለዋል። እዚህ ቤት ደግሞ ስም ያልወጣለት የለም፤ አውጪው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ተቆጣ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ሬንጅ ያልከው?»

«የትምህርት ቤቱን ዴስክ ስንሠራ። ዴስኩን ካስረከብን ወር አልፎታል።»

«ብርጭቆውስ?»

«የኔው ነው። ቀጭኗን ብሩሽ አጥብበታለሁ። ቦታው መስኮቱ ላይ ነው። ሲወድቅ ገፍቶት ይሆናል እንጂ፣ እኔ ሰው የምመርዝ ሰው ነኝ?»

ይህን ሲል ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከተደገፈበት ቁም ሳጥን ቀና ሊል ሞከረና መልሶ ያዘው። መርማሪዋ ፍርሃት ነው ብላ አለፈችው።

ወደ መስኮቱ ሄደች። ደፉ ላይ በመጋዝ ብናኝ መሐል የብርጭቆ ቂጥ ያህል ክብ ንጹሕ ቦታ አለ።

የሟቹ ሚስት ባሏ ጀምሮት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ጉልበቱን ነበር የሚያመው» አለች። «ክኒኑን እዚህ ጎን ካለው መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ ውጦ ይወጣል። ኋላ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ሰገራውም ጠቆረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስንት ቀን ተጣላሁት። ‹ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፤ ክኒን ያጠቁራል፣ አትፍራ ብሎኛል› እያለ አፌን ዘጋኝ።»

«አይረኑስ?»

«እሱን በኋላ ነው የሰጠው፣ ፊቱ ሲገረጣ። ሆድ ያደርቃል ሲሉ ሰምቶ ከኪሱ አላወጣውም።»

ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው የመድኃኒት ሻጩ፣ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘው፣ ፖሊስም የጠራው እሱ ነው። መርማሪዋ ሦስቱንም በመላጊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሰገራው መጥቆሩን ነግሮዎት ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ነግሮኛል። አይረን ይወስድ ነበር፤ አይረን ሰገራ ያጠቁራል። ይሄ ማንም የሚያውቀው ነው።»

«እውነት ነው፣ ያጠቁራል።» እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለዋጠው ሰው። ከዚህ ውስጥ ስንት ፍሬ ጎድሏል? ሬንጅ የሚለው ስምስ የወጣለት አይረኑን ከመያዙ በፊት አይደለም?»

ሻጩ ከንፈሩን ላሰ። «እንግዲያው ኪንታሮት መስሎኝ ይሆናል።»

«ኪንታሮት ሲደማ ቀይ ነው። ቀዩንም ቢሆን ሐኪም ሳያየው ኪንታሮት ነው ተብሎ አይታለፍም። እንደ ሬንጅ የሚጠቁር፣ የሚጣበቅ፣ የሚከረፋ ከሆነ ግን ከላይ፣ ከጨጓራ የሚወርድ ደም ነው። ራስ ካዞረ፣ እንዲህ ካስመለሰ ደግሞ እንኳን ቀን ሰዓትም አይሰጥም።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማስታገሻው ጨጓራውን ሲያቆስለው አይተሃል።»

«እርስዎ» የሚለው ከአፏ ጠፍቶ ነበር።

«ደም እየፈሰሰው እንደሆነ ባታውቅ የደም ማነስ ክኒን ለምን ሰጠኸው? ያንኑ ማስታገሻ ለምን ጨመርክለት?»

«ሰው መግዛት ከፈለገ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሆስፒታል ሂድ ትለዋለህ። ያንን ግን አልቻልክም፤ ሆስፒታል ይህን ክኒን ያለ ማዘዣ ማን ሰጠህ ብሎ ይጠይቀዋል። ዛሬ ወድቆ ስታገኘው የተጨነቅከው ለፈቃድህ ነው። ብርጭቆው ከመስኮቱ ቢወድቅ ሲሚንቶው ላይ ይሰበር ነበር፤ ቢተርፍም ይጋደማል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አንስቶ ያቆመው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ነው። በሬንጅ የሳቀውን ሰው ገዳይ አደረግከው። ኪሱን ለመፈተሽ ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ይሳካልህ ነበር።»

ሚስትየዋ ተነስታ ከሻጩ ፊት ቆመች።

«ዶክተር እያለ ነበር የሚጠራህ» አለችው። «እኔን፣ ሚስቱን ትቶ አንተን ነው የሰማው።»

ካቴናው ከቀቢው እጅ ወልቆ ሻጩ እጅ ላይ ገባ። ቀቢው ግን የተደገፈውን ጠረጴዛ አልለቀቀም።

«ምን ትጠብቃለህ? ነፃ ነህ እኮ» አለችው መርማሪዋ።

ሚስትየዋን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔም ጠቁሯል» አለ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ለወገቤ የምገዛው ከሱ ነው። ስቆም ይጨልምብኛል።»

መርማሪዋ ፍርሃት ብላ ያለፈችው ላብ ትዝ አላትና ጥርሷን ነከሰች። «ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ስሙ ወደኔ እንዳይዞር።»

ማንም አልሳቀም። ሚስትየዋ ከክንዱ ሥር ገባችና ክብደቱን ተሸከመች።

«ባሌን አሹፈህበታል፤ ይሄን አልረሳልህም» አለችው። «አሁን ግን ና፣ እንሂድ።»

ከፖሊሶቹ አንዱ ሻጩን ይዞ ወደ መኪናው ሊያመራ ሲል መርማሪዋ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች።

«መኪናው ሆስፒታል ይሄዳል» አለች። «‹ዶክተሩ› ጣቢያ በእግሩ ይሂድ።»