የሜትሩ ሌላኛው ጫፍ

አስቀድሜ ይህን ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለ መንፈስ ሲንሾካሾኩ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጭኜ የምተኛ ሰው ነበርኩ። የአራተኛ ዓመት የመሬት አስተዳደር ተማሪ ሆኜ ለኢንተርንሺፕ ሮብ ገበያ ስመደብም የፈራሁት ብርዱን ብቻ ነው፣ እመኑኝ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ እንደኔ ደጋ ላይ ያደገችውን የአምበር ልጅ እንኳ ጥርስ ያፋጫል።

ቢሮ ውስጥ ሥራ የሚያሳዩኝ ጋሽ ሙሉነህ ለጡረታ የተቃረቡ ቀያሽ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም፣ ሲናገሩም "ልጄ" ብለው ነው የሚጀምሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለ ቀበሌ የወሰን ክርክር ልንለካ ወጣን። ከሳሿ እትዬ ጥሩሰው የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፣ የባሌ ወንድም አያ ደሴ ድንበሬን ገፋ ይላሉ፣ አያ ደሴ ደግሞ የገፋችው እሷ ናት ባይ ናቸው፣ ነገሩ ከርሮ ልጆቻቸው ባለፈው ክረምት ዱላ ተማዘው ተገላጋይ ባይደርስ አንዱ ያልቅ ነበር አሉ። እናም ሁለቱንም ከሽማግሌዎች ጋር ከታች ባህር ዛፉ ሥር አስቀመጥናቸውና እኔና ጋሽ ሙሉነህ ብቻችንን ማሳው ውስጥ ገባን።

ጂፒኤሱ አልሠራ አለ፣ ሰማዩ ተደፍኗል። "ልጄ፣ በሜትር እንለካዋለን" አሉና ጋሽ ሙሉነህ የሜትሩን ጫፍ ይዘው ትልሙን እየተሻገሩ ሄዱ፣ እኔ መጠቅለያውንና የወሰን ችካሉን ይዤ ቀረሁ። ያኔ ነው ጉሙ የወረደው፣ ጉም ስላችሁ ዝም ብሎ ጉም እንዳይመስላችሁ፣ የራሴን ጫማ አጣሁት። ሜትሩ ከእጄ እየተፈታ ሄደ፣ ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶ ተወጠረ።

"ያዝሽው?" አለ ድምፅ ከወዲያ ማዶ።

"ይዣለሁ ጋሼ!"

"ወደ ግራ ተጠጊ።"

ተጠጋሁ። ድምፁ ትንሽ የታፈነ ነው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ ብርዱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ደግሞ እርጥብ አፈር ላይ የሚረግጥ እግር ሰማሁ፣ ጭቅ፣ ጭቅ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚዞር ይመስላል፣ ሜትሩም እጄ ላይ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ይላል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ነገር።

"ትንሽ ጨምሪ። በቃ። እዚያው ትከይው፣ ሙጤ።"

ጎንበስ ብዬ ችካሉን መምታት ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሙጤ የቤት ስሜ ነው፣ አምበር ያሉት እናቴና እህቴ ብቻ ናቸው እንደዚያ የሚጠሩኝ፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሮብ ገበያ ማንም አያውቀውም።

"ጋሼ?" አልኩ።

መጠቅለያውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

"ጋሼ፣ ምን አሉኝ?"

"እዚህ ነኝ ልጄ፣ ምነው?"

መልሱ የመጣው ከጀርባዬ ነው። ዞር ስል ጋሽ ሙሉነህ ስልካቸውን እንደያዙ ከዳገቱ በኩል ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ለካ ከቢሮ ተደውሎላቸው የሜትሩን ጫፍ ድንጋይ ጭነውበት፣ በዳር በዳሩ ዞረው ኔትወርክ ፍለጋ ወጥተው ኖሯል። እጄን አዩት። ሜትሩ እንደተወጠረ ነው። ሁለታችንም ዓይናችንን ተክለን እያየነው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ሳበኝ፣ ከዚያ ላላና መሬት ላይ ተኛ።

ጋሽ ሙሉነህ አማተቡ። ሜትሩን ተከትለን ሄድን፣ ጫፉ እሳቸው ከጫኑበት ድንጋይ ሥር ወጥቶ ራቅ ብሎ ወድቋል፣ ጭቃው ላይ ያለው ዱካ ግን የእሳቸው ቡትስ ብቻ ነው።

ጉሙ ሲገልጥ ሰዎቹን ጠራናቸው። ችካሉ ግማሹ ገብቶ ሌላው አልሄድ ብሎኝ ነበርና ሽማግሌዎቹ አስቆፈሩት፣ ከሥሩ በጎኑ የተጋደመ ድንጋይ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና "እሱ ነው፣ የአባታቸው ወሰን ነው" አሉ። እንዲያ ከሆነ ያ የተጣሉበት ቁራሽ መሬት የአያ ደሴ ነው ማለት ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፊታቸውን ባይ አመድ መስሏል።

"ማን አሳየሽ? ይህን ቦታ የሚያውቀው ሟቹ ወንድሜ ብቻ ነበር!" አሉኝ።

"ለክተን ነው" አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

"አልፈልገውም! ትውሰደው!" አሉና ዱላቸውን እንኳ ሳያነሡ ቁልቁል ወረዱ። እትዬ ጥሩሰውም አልደፈሩትም፣ መሬቱ እኔ እስክሄድ ድረስ ጦሙን አደረ።

ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ ጋሽ ሙሉነህ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተንፍሰው አያውቁም፣ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ዳገቱ ላይ ሆኜ ስትነጋገሪ ሰምቼሻለሁ።"

"እሰይ፣ ድምፁን ሰምተውታላ!" አልኩ፣ እፎይ ብዬ፣ ቢያንስ አላበድኩም። "የማን ነበር?"

ዓይናቸውን ከዓይኔ አሸሹ። "እኔ የሰማሁት የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ያዝሽው የሚለውም፣ ይዣለሁ የሚለውም፣ ከሁለቱም ጫፍ ያንቺው ድምፅ ነበር።"

ሚኒባሱ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" እያሉ እስከ ደብረ ማርቆስ ጠየቁኝ፣ እኔ ግን ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልመለስኩላቸውም፣ አፌን ብከፍት ድምፄ ከየት በኩል እንደሚሰማ ፈርቼ።