ጥቁሩ ከላይ

የውሃ ባለሙያው ሬሳ የተገኘው ራሱ ባስቆፈረው የሙከራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያገኘው የኤክስካቫተር ሹፌሩ ነበር።

«ጉድጓዱን ልደፍን በጠዋት ብመጣ ተደፍኖ ጠበቀኝ» አለ ለመርማሪዋ። «እስከዛሬ ሥራዬን ቀድሞ የሠራልኝ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እመቤቴ። ሰይጣን ቢሆን እንኳ አጥፍቶ እንጂ ደፍኖ አይሄድም። ያኔ ነው ፖሊስ የጠራሁት።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌዋ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የማትገባበት ቀዳዳም የለም። ፖሊሶቹ ሲቆፍሩ ከአፋፉ ቆማ ተመለከተች። ከላይ ጥቁር ለም አፈር ነው፤ ሣሩ ሳይቀር ሥሩን ወደ ታች አድርጎ ተመልሷል። ከሥሩ ቀይ ሸክላ፣ ቀጥሎ የድንጋይ ስብርባሪ። ከዚያ ሰውየው፣ ማጅራቱን ተመትቶ። ከሁሉም በታች ኩባንያው ሊያወጣው የፈለገው የድንጋይ ከሰል።

በአቅራቢያው የተደፈኑት ሌሎች ጉድጓዶች ግን አፈራቸው ተደባልቆ ዥንጉርጉር ነበሩ።

«እነዚህንስ ማን ደፈናቸው?»

«እኔ ነኛ፣ በማሽን። አንዴ ገፋ፣ አለቀ። አፈር አፈር ነው፤ ጉድጓድ ምን ያማርጣል?»

«እንግዲህ ዛሬ ከአጠገቤ አትለይም» አለችው።

የከሰል ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የኮንቴይነር ቢሮው ውስጥ ይንቆራጠጥ ነበር።

«ዛሬ ከሰዓት የማዕድን ፈቃድ ኮሚቴው ስለ ፈቃዳችን ይወስናል። ባለይዞታዎቹ ተስማምተዋል፤ ከሰሉን ካወጣን በኋላ መሬቱን ወደነበረበት ለመመለስም ቃል ገብተናል። እሱ ብቻ ‹የመንደሩ ምንጭ ይደርቃል› ብሎ መንገዳችን ላይ ተጋደመብን።»

«ጠላኸው።»

«መጥላትማ ጠላሁት! ግን እኔ አካፋ ይዤ ያን ሁሉ ቆሻሻ ስመልስ ይታይሽ እስቲ።» መዳፎቹን ዘረጋላት። እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሱ ነበሩ።

ሟቹ ቤት ስትደርስ ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ወንድሟ አጠገቧ ነው። እሱ የአፈር ባለሙያ ነው፤ ከሰሉ ቢወጣ ምንጩ እንደማይነካ አጥንቶ ለኩባንያው የፈረመውም እሱ ነው።

«ወንድሜ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች ሴትየዋ።

«ጉድጓዱን አይተኸዋል?» አለችው መርማሪዋ።

«ከተቆፈረ ወዲህ እዚያ ድርሽ አላልኩም።»

«ከከሰሉ በላይ ያለው ቆሻሻ…»

«ቆሻሻ አይባልም» አቋረጣት። «ሽፋን ነው የሚባለው።»

መርፌዋ ይቅርታ ጠየቀች። የእህቱ ባል ሞቶ እንኳ አንዲት የተሳሳተች ቃል ዝም ብሎ ማሳለፍ አልቻለም። ይህን በልቧ ያዘች።

ከሰዓት ሁሉንም ወደ ኮሚቴው አዳራሽ ጠራቻቸው። ሰብሳቢው ከፊት ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሹፌሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ናቸው።

«ገዳዩ ስለ መሬት ምንም የማያውቅ ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «በአካፋ እንደነገሩ ደፍኖታል። ጥቁሩን አፈር ከሥር ቀብሮ፣ ቀዩን ሸክላ ከላይ…»

«ጥቁሩማ ከላይ ነበር!»

ወንድምየው ነው።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች መርፌዋ በቀስታ። «‹ከላይ መሆን አለበት› ብትል ሕጉን አስተማርከኝ እል ነበር። አንተ ግን ‹ነበር› አልክ። ጉድጓዱን እንደተደፈነ ያየነው እኔ፣ የቆፈሩት ፖሊሶችና ሹፌሩ ነን። ፖሊሶቹ እስካሁን እዚያው ጉድጓዱ ጋ ናቸው፤ ሹፌሩም ከጠዋት ጀምሮ ካጠገቤ አልተለየም።»

«ሽንት ቤት እንኳ አጅበውኛል» አለ ሹፌሩ።

«ሕጉ ለም አፈሩ ለብቻው ይቀመጥ፣ ሲመለስም ከላይ ይሁን ይላል። ሹፌሩ ቢሆን በማሽን ገፍቶ ይደባልቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ‹ቆሻሻ› ለሚለው ነገር ተራ አይጠብቅለትም፤ እጁም አካፋ አያውቅም። አንተ ግን ሬሳ እየደበቅክ እንኳ መሬቱን መበደል አልሆነልህም። የእህትህን ባል ገድለህ ሣሩን ተከልክ።»

ሰውየው ሁለት እጆቹን አየ።

«ና ብሎ ጠራኝ» አለ። «ጉድጓዱ ውስጥ ገብተን ውሃው ከከሰሉ ሲንጠባጠብ አሳየኝ። ‹ጥናቴ ስህተት ነው ብለህ ራስህ ለኮሚቴው ተናገር፤ እኔ ላዋርድህ አልፈልግም› አለኝ። ፈቃዱ ሲወጣ መሬቱን መልሶ የማልማቱን ሥራ እንድመራ ተሹሜ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት እሱን ነው። ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ አለ። ጀርባውን ሲያዞር…» ወደ ጎኑ ዞረ። «እህት ዓለም…»

«እኔን ተወኝ» አለች። «የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። የምንጩ ውሃ በየት እንደሚመጣ ለእነሱ ንገራቸው።»

ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «በከሰሉ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ከሰሉ ከተነሳ ምንጩ ይደርቃል።»

«እንግዲያው ፈቃድ የለም» አሉ ሰብሳቢው። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ።

በር ላይ የቆሙ ሌሎች ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ሲያስነሱት ሴትየዋ አብራ ተነሳች።

«ባሌ ይህንኑ ሲነግረኝ ከረመ» አለችው። «እኔ ‹ወንድሜ ከአንተ ይበልጥ ያውቃል› እያልኩ በየማዕዱ አፉን ዘጋሁት። አንተ የዘጋኸው ከእኔ በኋላ ነው።»