ትወጣለች ወይስ ትቆያለች?

በዚያ ወደብ ብርድ እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ጥቂት ሌሊት ያድራል፣ ይሄዳል። ውሃው ረግቶ አያውቅም፤ በረዶ የለበሰ ጀልባ ልጆቹ በሥዕል ካልሆነ አላዩም። ታዲያ የመዝናኛ ጀልባ ያለው ሁሉ ብርዱ ሲቃረብ ልቡ ሁለት ይሆናል። ግማሹ፣ «ምን እንዳትሆን ነው? እዚያው ውሃው ላይ ትቆይ፤ ፀሐይ የወጣ ቀን ብቅ እላለሁ» ይላል። ግማሹ ፈሪ ነው፤ ወደ የብስ አስወጥቶ፣ ሞተሯን አስደርቆ፣ ሸራ አልብሶ ያስተኛታል።

በዚህ የተነሳ የጀልባ ማቆያው ሠራተኞች በዚያ ሰሞን ከአፋቸው የማትለይ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ባለጀልባው ገና ከበሩ ሲገባ፣ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ፣ «ትወጣለች ወይስ ትቆያለች?» ይሉታል። ማን ናት፣ የምን ነገር ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጀልባ ናት፤ ሌላ ምን ትሆናለች? ያን ሁሉ ጉድ ያመጣችው እንግዲህ ይህችው ጥያቄ ናት።

ሸራ ሰፊዋን በግቢው ውስጥ ሁሉም «መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱ ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው የጀልባ ልብስ ሲሰፉ ይውሉ ነበር። መካኒኩን ደግሞ «ቀስ በሉ» ይሉታል። ጀልባ ሲጎተትም፣ ብሎን አልፈታ ሲልም፣ ሰው ሲጣላም ለሁሉም ያለው መድኃኒት ያው ነው፤ «ቀስ በሉ።»

ሁለቱ የተዋወቁት በጠብ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እሱ ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ገና ሰፍታ ባነጠፈችው ነጭ ሸራ ላይ ዘይት የነካ መዳፉን አሳርፎ አገኘችው።

«አንተ! እጅህን ምን ላይ ነው ያስቀመጥከው?»

ደንግጦ አነሳ። መዳፉ ከነአምስት ጣቱ ሸራው ላይ ቀርቷል።

«ይቅርታ፣ አላየሁትም።»

«ይህን የሚያህል ነጭ ሸራ እንዴት አይታይም? ዓይንህ የት ሄዶ ነው?»

«አንቺን እያየሁ ነበር» አለ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያለውን የሰማው፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ደፋር ነገር አልወጣውም። እግዜር ይይለት!

ሥራቸው ግን በየዓመቱ አንድ ጀልባ ላይ ያገናኛቸዋል። መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጠብታ ሳይቀር ያንጠፈጥፋል፤ ለስሙ የማይበርድ አገር ነው፣ ግን አንዲት ክፉ ሌሊት ከመጣች የቀረው ውሃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ዘይቱን ይቀይራል፣ ባትሪውን ይፈታል፣ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ያለውን መድፈኛ ነቅሎ፣ ውሃ እንዳይቋጠርባት አፍንጫዋን ከፍ አድርጎ ያቆማታል። እሱ ሲጨርስ መርፌ ሸራዋን ተሸክማ ትመጣለች። እዚያ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ስለዚህ ሸራውን ከማልበሷ በፊት የመቀመጫ ፍራሾቹን አንድ በአንድ እያነሳች በጎናቸው ማቆም፣ የሣጥኖቹንም ክዳን መክፈት አለባት። አየር ካልዞረበት ሻጋታ ይወርሰዋል።

ፍራሾቹ ከባድ ናቸው፤ ወገብ ይቆርጣሉ። ቀስ በሉ ከመጣ ወዲህ ግን መርፌ በደረሰችበት ጀልባ ሁሉ ፍራሾቹ ቆመው፣ ክዳኖቹ ተከፍተው ይጠብቋታል።

«ፍራሾቹን አንተ ነህ ያቆምካቸው?» አለችው አንድ ቀን።

«በእግረ መንገዴ ነው።»

«በየትኛው መንገድህ? ሞተሩ ከኋላ፣ ፍራሹ ከፊት!»

«እንግዲህ… ዞር ዞር ስል።»

ሳቀች። እሱም መፍቻውን መወልወል ያዘ፤ ንጹሕ መፍቻ ነው፣ ሲወለውል ቆየ። እሷም ክር የምትፈልግ መስላ ቆየች። ሁለቱም የሚወዱትን ያውቃሉ፤ የሚወደዱ መሆናቸውንም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ግን ማን ይናገር? እሷ በሌላ ነገር ሁሉ ምላሷ ስለት ነው፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ይዶለዱማል። እሱማ እሱ ነው።

በሙቀቱ ወራት አባቷ ሞተ። ጠዋት ደረቴን አለ፣ ለምሳ አልደረሰም። መርፌ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ ያለችውን ባዶ ወንበር እያየች ትሰፋለች፤ ክሩ ሲጠላለፍባት፣ «አባዬ፣ ያዝልኝ እስቲ» ብላ ቀና ትልና ታፍራለች።

ታላቅ እህቷ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ ለለቅሶ መጥታ ነበር። ስትመለስ ደጁ ላይ ቆማ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬን ይዘሽ ነይ» አለቻት። «ቤቱ ይበቃናል። እዚህ ከእንግዲህ ምን ቀራችሁ?»

«አስብበታለሁ» አለች መርፌ።

መሄድ አልፈለገችም። የሚያስቀራት ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቅሪ አላላትም። «እንትና ምንም ሳይለኝ ለእሱ ብዬ ቀረሁ ልበላቸው?» እያለች አልጋዋ ላይ ትገላበጣለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ያን ቃል ካገኘች ዓለም ቢገለበጥ ከዚያ ወደብ የሚነቅላት አልነበረም።

ብርዱ መጣ፣ ሥራውም ተጀመረ። ከዚያም አንድ ጠዋት ሸራዋን ተሸክማ አንዲት ጀልባ ውስጥ ስትገባ ፍራሾቹ እንደተጋደሙ አገኘቻቸው።

ቆማ አየቻቸው። ረስቶ ይሆናል አለች። የሚቀጥለው ጀልባ ላይም ተጋድመዋል። ከዚያም የሚቀጥለው ላይ። መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ደህና ዋልሽ» ብሎ ያልፋታል፤ ዋልሽ ሲል ድምፁ የወዳጅ አይደለም። መርፌ ፍራሾቹን ራሷ አነሳች። ወገቧ ቻለው፤ አንጀቷ ነው ያልቻለው።

የማቆያው አለቃ ደግሞ ወደ ክፍሏ ብቅ ብሎ መርዶውን አመጣላት።

«ቀስ በሉም ሊለየን ነው፣ ሰምተሻል? የማዶው ወደብ መካኒክ ታሞባቸው ና ብለውት እሺ ብሏል። ሰኞ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ሲለምኑት እምቢ ሲል የኖረ ሰው፣ ምን እንደነካው እንጃ።»

«መልካም መንገድ» አለች መርፌ። መርፌው ጣቷን ወግቷት ነበር፤ የደማውን ጣት አፏ ውስጥ ከትታ አለቃው እስኪወጣ ጠበቀች።

ለሳምንቱ የመጨረሻ ሆና የቀረችው ጀልባ የአባቷ ነበረች። ትንሽ ናት፤ አራት ሰው ካሳፈረች ትሞላለች፣ ከፊቷ ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጠባብ ክፍል አለቻት። አባቷ በሕይወት እያለ አንድም ዓመት አስተኝቷት አያውቅም፤ ብርድ ይሁን ሙቀት፣ ፀሐይ ባየ ቁጥር ይዟት ይወጣ ነበር። ዘንድሮ ግን እናትየዋ ትውጣ አሉ፤ ወጣች።

መርፌ ስትደርስ ቀስ በሉ ገና አልጨረሰም። ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። አላናገረችውም፤ ጎንበስ ብላ ወደ ጀልባዋ ጠባብ ክፍል ገባችና ፍራሹን ጎተተች። የአባቷ ጃኬት ከሥሩ ተጣጥፎ ነበር። ያን ስታይ ፍራሹን ለቀቀችና እዚያው ተቀመጠች።

ፍራሹ ሲወድቅ ሰምቶ መጣ። ፍራሹን አንስቶ አቆመላት።

«ተወው!» አለችው። «ያን ሁሉ ሳምንት ብቻዬን ሳነሳ አልነበር? ምን አደረግኩህ? ልትሄድስ ቢሆን፣ ሰው ደህና ሁኚ ይባላል!»

«እኔን ነው መጀመሪያ የሄደ የምትይው?»

«ማን ሄደ ታዲያ?»

«እናንተ ናችኋ። እህትሽ ጋ።» መፍቻውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አልቀየምኩሽም። በሰላም ግቡ። እኔ ግን ክፍልሽ ባዶ ሆኖ እያየሁ እዚህ መሥራት አልችልም፤ ለዚህ ነው ማዶዎቹን እሺ ያልኩት። ፍራሾቹንም… መሄድሽ ካልቀረ ልቤ ከወዲሁ ይልመደው ብዬ ነው የተውኳቸው።»

«እንሄዳለን ብሎ ማን ነገረህ?»

«እናትሽ ናቸው የነገሩኝ። ስንት ቀን ስዘጋጅ ከርሜ ጠየቅኋቸው።»

«ምን ብለህ?»

መፍቻውን መወልወል ያዘ።

«ንገረኝ እንጂ! ምን ብለህ ጠየቅሃት?»

«ስምሽን መጥራት አፈርኩ። እናት ናቸው፤ ዓይኔን እያዩኝ። አፌ ላይ የመጣችው ያቺው የሥራችን ጥያቄ ሆነች። ‹እማማ፣ እንግዲህ ትወጣለች ወይስ ትቆያለች?› አልኳቸው።»

«እሷስ?»

«‹ትወጣለች እንጂ ልጄ› አሉኝ። ‹እሱ ከሌለ ለማን ብላ ትቆያለች? እዚህ ብቻዋን ሆና ከምትበላሽ ትውጣ። ለታላቋም ነግሬያታለሁ› አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልስማ?»

መርፌ አየችው። ያረፈችበትን ጣውላ አየች። እንደገና እሱን አየችው።

«አንተ ሰው» አለች፣ «ስለ ጀልባዋ እኮ ነው!»

«ምን?»

«ስለዚህች! ስለ ተቀመጥኩባት! መካኒክ መጥቶ ትወጣለች ወይስ ትቆያለች ቢላት ምን ብላ ትመልስ? በዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ተጠይቆ ስለ ሰው የሚመልስ አለ?»

እሱም ጣውላውን አየ። መርፌ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠና አለቀሰች፤ አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ለአባቷም፣ ለተጋደሙት ፍራሾችም፣ በሁለት ከንቱ ዝምታ ለባከነው ጊዜም ሁሉ በአንድ ላይ ወጣላት። እሱ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ዘይት የነካ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ቀስ በይ» አላት፣ «በናትሽ ቀስ በይ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ አልን፤ ይበቃናል!» እጁን ራሷ ያዘችው። «ስማኝ፣ እወድሃለሁ። አንድም ቀን መሄድ አልፈለግኩም። አንተ ብቻ ቅሪ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔም» አለ። «ያን ቀን ሸራውን ካበላሸሁብሽ ጀምሮ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። ግን ለማዶዎቹ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። ሰውየው በጠና ታሟል፤ እስኪሻለው ብያቸዋለሁ።»

ልቧ አትሂድ ሊል ይችል ነበር። አላለም።

«ትሄዳለህ፤ ቃልህን አታጥፍም። ከመሄድህ በፊት ግን እማዬን በደንብ አድርገህ ትጠይቃታለህ።»

ወደ ስፌት ክፍሉ ሲወጡ እናትየዋ በባልየው ወንበር ላይ ተቀምጠው አሮጌ ሸራ ይተረትሩ ነበር። መርፌ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። መቀሱን አስቀመጡ። የሚስቁ መስሏት ነበር፤ አልሳቁም።

«እኔ ልጄ፣ ባዶዋን ስትወዛወዝ ማየት አቅቶኝ ነው» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «አባቷ ሲመጣ ከዚህ ሆኜ ነበር የማየው። አሁንም ጎህ ሲቀድ ዓይኔ ይሄዳል። እኔስ እሄዳለሁ፤ ይህን ውሃ አልችለውም። ልጄን ግን ለእኔ ብለሽ ተከተይኝ አልላትም።»

«እማዬ…»

«ቆይ፣ ይናገር። ሊናገር አይደል የመጣው?»

ቀስ በሉ ቆብ የለውም እንጂ ቢኖረው ያወልቅ ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ። ማዶ ደርሼ፣ ቃሌን ፈጽሜ እመለሳለሁ። ይፍቀዱልኝ።»

«እኔ የምወስነው ስለ ጀልባዋ ነው፤ እሱንም ወስኛለሁ» አሉ። «ስለ ልጄ እሷን ጠይቃት። እዚችው ቆማለች። አንቺ ብለህ፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ።»

ዞረ። መርፌ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለች። ያ ሁሉ ምላስ ከዚያ በላይ አልተገኘለትም።

እናትየዋ ፊታቸውን በያዙት ሸራ ሸፈኑ። ልጃቸው ሮጣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ አቀፈቻቸው።

«አባትሽ» አሉ ከሸራው ውስጥ፣ «ታች ይህን ልጅ ባየ ቁጥር፣ ‹ልጁ ጥሩ ነው፤ ለልጄ ይሆናል። ግን አፉን እስኪከፍት እኔ አልደርስም› ይለኝ ነበር።»

መርፌ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። አባቷ አንድም ቀን ስለ ፍቅር አንስቶባት አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ክር እየያዘላት፣ እያወቀ ዝም ብሏት ኖሯል። ፈቅዶላታልም።

«እስቲ ድገሚልኝ እማዬ» አለች። እናትየዋ ደገሙላት።