የጎተራው ምዕራፍ

መነን መጽሐፉን ዘጋችው። ከዚያ ገጽ ወዲያ ማንበብ አልቻለችም።

ልብ ወለዱ የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። ወራሪ ሲመጣ አንድ ቄስ የደብሩን የወርቅ መስቀል ጎተራ ውስጥ ይደብቃል። ጎተራው ድርብ ወለል አለው፤ ከላይ ገብስ፣ ከሥር መስቀል። ስሙም ዘመኑም ተለውጧል። ጎተራው ግን ላስታ፣ ብልባላ መንደር ያለው የአባቷ የቄስ ገብረ መስቀል ጎተራ ነው፤ ከጀርባው የበቀለችው ኮሶ እንኳ ከመጽሐፉ አልቀረችም። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሊወሰድ ነው ተብሎ በተወራ ጊዜ አባቷ መስቀሉን ሲያኖሩ ያየች እሷ ብቻ ናት። የነገረችውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጋሻዬ።

ጋሻዬ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከደሴ የመጣ ጊዜ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታነብ አገኛት።

«ያስነብባል?» አላት።

«ጸሐፊው ላስታን አያውቅም።»

ሳቀ። «እንግዲያው የሚያውቅ መጽሐፍ እጽፍልሻለሁ።»

ፍቅራቸው የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነበር።

አሁን እሷ ላሊበላ መምህርት ናት፤ በከተማው አዳራሽ አዳዲስ መጻሕፍት ሲወጡ የምትገመግመውም እሷ ናት። የዛሬው የእሱ መጽሐፍ ነው። በር ላይ ጠበቃት፤ አዲስ ኮት ለብሷል።

«መነንዬ! ጎተራው ጋ ደረስሽ? ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው።»

«የአባቴ ጎተራ ነው፣ ጋሻዬ።»

«ዘመኑን ለውጬዋለሁ እኮ! ደግሞ በመጪው ሳምንት ሽማግሌ ልልክ…»

አልፋው ገባች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አድማሴ ከፊት ተቀምጧል። «መምህርት፣ ይቺ የጎተራ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ» አለ እየሳቀ። «ይህን ያህል አጥርቶ የጻፈ ሰው፣ አይቶ መሆን አለበት። እስቲ ግምገማሽን እንስማ።»

መነን ቆመች። የጻፈችውን ወረቀት አጥፋ ያዘችው። በቅርቡ ከታተመ አንድ የላስታ ታሪክ ጥናት ጋር እያስተያየች በመጽሐፉ ስላለው ጦርነት ተናገረች፤ ያንን ክፍል አመሰገነች። ከዚያ ድምፅዋን አነሳች።

«የመጽሐፉ ደካማ ቦታ ጎተራው ነው። ጥናቱ ካህናቱ ንዋያተ ቅድሳት የሸሸጉት በዋሻ ነው ይላል። እኛ አገር ጎተራ በየዓመቱ ተገልብጦ ይለሰናል፤ እዚያ ዕቃ የሚደብቅ ሞኝ የለም። ጸሐፊው ላስታን አያውቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጋሻዬ ብቻ አልሳቀም።

ጓድ አድማሴ ዞረበት። «ምን ትላለህ? ያየኸው ነው ወይስ የፈጠርከው?»

ጋሻዬ መነንን አያት። የምትለምን ዓይን ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። የሚያውቀው ፊት ተዘግቶበታል።

«የፈጠርኩት ነው» አለ በመጨረሻ። «አልሆነልኝም።»

ሲወጡ ተከተላት። «ሽማግሌዎቹስ?»

«አትላክ።»

ብልባላ ስትደርስ አባቷ ከጎተራው ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«የዚያ ልጅ መጽሐፍ እንዴት ነው?»

«ውሸት ነው፣ አባ።»

ቄስ ገብረ መስቀል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ ጉድ! ውሸታም አይመስልም ነበር።»

መነን እንባዋን እንዳያዩባት ወደ ኮሶዋ ዞረች።